ረዳት ግስ ከባለቤቱ ሲቀድም፦ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄና መልስ

መምህሩ፦ ዛሬ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ረዳት ግስ ከባለቤቱ በፊት ስለሚመጣበት አሠራር፣ ማለትም ስለ መገልበጥ (ኢንቨርዥን) ብቻ ነው። «አር ዩ ሬዲ» ብሎ መጠየቅ የሚያቅተው ሰው እዚህ አለ ብዬ አልገምትም። ችግር የሚፈጥሩት ጥያቄ ሳይሆኑ እንደ ጥያቄ የሚገለበጡትና ጥያቄ እየመሰሉ የማይገለበጡት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ የቃላት ዝርዝር አትሸምድዱ። አስቀድማችሁ ረዳት ግሱ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ስትጠይቁም የተቸገራችሁበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፉ።

ተፈታኝ፦ መምህር፣ «ኔቨር»፣ «ሴልደም»፣ «ሬርሊ» እና «ሃርድሊ» ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ረዳት ግሱ ይቀድማል ተብለን ተምረናል። ለፈተና የሚሆን ሙሉ ዝርዝር ቢሰጡን?

መምህሩ፦ ዝርዝር አልሰጥህም፤ ምክንያቱን ግን በሰፊው እነግርሃለሁ፤ እሱ ከገባህ ዝርዝሩን ራስህ ታወጣዋለህ። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያያቸው። «ዊዝ ኖ ጆብ፣ ሂ ዉድ ቢ ሃፒ» ሲባል ሰውየው ሥራ ባይኖረው ደስ ይለው ነበር ማለት ነው። «ዊዝ ኖ ጆብ ዉድ ሂ ቢ ሃፒ» ሲባል ግን የትኛውም ሥራ ቢሰጠው ደስ አይለውም ማለት ነው። ቃላቱ ያው ናቸው፤ አልተጨመረባቸውም፣ አልተቀነሰላቸውም። በመጀመሪያው «ኖ» የሚገዛው «ጆብ» የሚለውን ስም ብቻ ስለሆነ ደስታው አዎንታዊ እንደሆነ ቀረ። በሁለተኛው ግን አሉታው ከስሙ አልፎ ግሱን ስለገዛ ረዳት ግሱ «ዉድ» ከባለቤቱ ፊት ወጣ። እንግዲህ ጉዳዩ የትኛው ቃል ቀደመ የሚለው አይደለም፤ ከፊት የወጣው አሉታ መላውን ዓረፍተ ነገር ይገዛል ወይስ አይገዛም ነው።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ሐረጉን ወደ መጨረሻ መልሰውና «ኖ» የሚለውን በ«ኖት» እና በ«ኤኒ» ተካው። «ሂ ዉድ ኖት ቢ ሃፒ ዊዝ ኤኒ ጆብ» ብለህ የፈለግኸው ትርጉም ከወጣ መገልበጥ ግዴታ ነው። በዚሁ መንገድ «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ሉዝ ሂዝ ማኒ» ማለት ገንዘቡን በየትኛውም ጊዜ አልጣለም ማለት ሲሆን፣ «ኢን ኖ ታይም ሂ ሎስት ሂዝ ማኒ» ግን አፍታ ሳይቆይ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው። ሁለቱም «ኖ» አለባቸው፤ የተገለበጠው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ገንዘቡ በእርግጥ ጠፍቷል። የሸመደድከው ዝርዝር ይህንን አይነግርህም። «ሴልደም» እና «ሬርሊ» ወደ አሉታ ያዘነበሉ ስለሆኑ ይገለብጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚል ትርጉም ያለው «ኦፍን» ግን አዎንታዊ ስለሆነ መገልበጥን ግድ አይልም።

ነርስ ከሪያድ፦ እንደምን አመሹ መምህር። በሥራ ቦታዬ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ፔሸንት» እያልኩ እጠይቃለሁ። ሁሉም ይረዱኛል፤ በጽሑፍ ስልከው ግን ስህተት ነው ተብሎ ይታረምብኛል። «ዌር» የጥያቄ ቃል አይደለም እንዴ?

መምህሩ፦ እንደምን አመሹ እህቴ። የጥያቄ ቃል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን የተሸከመው ከፊት ያለው «ካን ዩ» ነው። እዚያ መገልበጥ ተፈጽሟል። «ዌር» የሚጀምረው ክፍል በ«ቴል» ሥር የገባ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ተራ ቅደም ተከተሉን ይይዛል፦ «ካን ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ፔሸንት ኢዝ»። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳትበት ምክንያት አለ። በአማርኛ ለመጠየቅ ቃል ከቦታው አይነሳም፤ «ልጁ መጣ» የሚለውን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ብንለው ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ መገልበጥን እንደ ባዕድ ሕግ በብዙ ልፋት እንማራለን፤ ከተማርነው በኋላ ደግሞ «ዌር»፣ «ዋት» ወይም «ዋይ» ባየን ቁጥር እንገለብጣለን። «አይ ዶንት ኖው ዋት ኢዝ ሂዝ ኔም» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ትክክሉ «አይ ዶንት ኖው ዋት ሂዝ ኔም ኢዝ» ነው።

ከዋሽንግተን፦ ይቅርታ መምህር፣ እዚህ አብረውኝ የሚሠሩ አሜሪካውያን ግን «ሺ አስክድ ሚ ዲድ አይ ዎንት ኮፊ» (ቡና እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ) ሲሉ እሰማለሁ። እነሱም ተሳሳቱ ሊባል ነው?

አስተርጓሚ፦ በእርግጥ ስህተት ነው። የመንገድ ንግግር ለሰዋስው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከዋሽንግተን፦ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ነው። ተናጋሪዎቹ በሚገባ የሚግባቡበትን ስህተት የሚያሰኘው ማን ነው?

አስተርጓሚ፦ እንዲህ ከሆነ ምንም ስህተት የለም ማለት ነው። ተማሪው በፈተና ላይ ቢጽፈው ማን ይጠየቅለታል?

መምህሩ፦ ሁለታችሁም እዚህ ላይ አቁሙ። በአየርላንድ እንግሊዝኛና በአፍሪካ አሜሪካውያን እንግሊዝኛ በጥገኛ ጥያቄ ውስጥ መገልበጥ የታወቀና የራሱ ሥርዓት ያለው አነጋገር ነው፤ ሰዎቹም አልተሳሳቱም። ሥርዓቱንም ልብ በሉ፦ የሚገለበጠው «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» በሌለበት ነው፤ «ኢፍ ዲድ አይ ዎንት» የሚል የለም። ለፈተና፣ ለማመልከቻና ለሕክምና መዝገብ ግን የምትጽፉት መደበኛውን ነው፦ «ሺ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ዎንትድ ኮፊ»። ይህን ክርክር በሌላ ጊዜ ቀጥሉበት።

ጀማሪ፦ ኢንቨርዥን ጨርሶ አይገባኝም። ከመጀመሪያው ቢያስረዱን?

መምህሩ፦ «ጨርሶ አይገባኝም» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም። ያልገባዎትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ረዳት ግሱ የትኛው እንደሆነም አብረው ይጻፉ።

ጀማሪ፦ «ኔቨር ሳው አይ ሰች ኤ ቢዩቲፉል ሌክ»። ረዳት ግሱ «ሳው» ይመስለኛል።

መምህሩ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። «ሳው» ዋና ግስ ነው፤ ዋና ግስ ደግሞ በዛሬው እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ፊት አይዘልም፤ ከ«ቢ» ቤተሰብ (ከ«ኢዝ»፣ «አር»፣ «ወር» እና ከመሰሎቻቸው) በስተቀር። ረዳት በሌለበት «ዱ» ይመጣል፤ ጊዜውንም እሱ ይሸከማል። ስለዚህ «ኔቨር ዲድ አይ ሲ» ይሆናል፤ «ኔቨር ዲድ አይ ሳው» ማለት ኃላፊ ጊዜን ሁለት ጊዜ ማመልከት ነው። እስከ ዛሬ ያየሁት የለም ለማለት ከሆነ ደግሞ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን» ይሻላል፤ እዚያ «ሃቭ» ራሱ ረዳት ስለሆነ «ዱ» አያስፈልግም።

የታሪክ ወዳጅ፦ «ዋና ግስ አይዘልም» የሚለው ግን ለዛሬው ብቻ የሚሠራ ነው። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ኖው ዪ ኖት» (አታውቁምን) የሚል ጥያቄ አለ፤ «ዱ» የለበትም።

አስተርጓሚ፦ ይህ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?

የታሪክ ወዳጅ፦ የጀርመንኛ ተማሪ ለሆነ ይጠቅማል፤ እዚያ እስከ ዛሬ ግሱ ሁለተኛውን ቦታ ይይዛል፤ የጥንቱ እንግሊዝኛም በአብዛኛው እንዲሁ ነበር።

መምህሩ፦ እውነት ነው፤ «ዛሬ» ያልኩትም ለዚህ ነው። የአሉታው መገልበጥ የዚያ የጥንቱ ሥርዓት ቅሪት ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ተፈታኝ፦ «ኦንሊ አፍተር ዲድ ሺ ሊቭ፣ ሂ አንደርስቱድ» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። «ኦንሊ» ይገለብጣል አልተባለም?

መምህሩ፦ ይገለብጣል፤ አንተ ግን የገለበጥከው በተሳሳተው ቦታ ነው። «ኦንሊ አፍተር ሺ ሌፍት» ሙሉው አንድ የጊዜ ሐረግ ነው፤ ውስጡ አይነካም። የሚገለበጠው ከእሱ በኋላ የሚመጣው ዋናው ክፍል ነው፦ «ኦንሊ አፍተር ሺ ሌፍት ዲድ ሂ አንደርስታንድ»። «ኖት አንቲል» የሚጀምረውም እንዲሁ ነው። «ኦንሊ» የባለቤቱ አካል ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ «ኦንሊ ማይ ብራዘር ኖውዝ»፣ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ነርስ ከሪያድ፦ «ሃድ አይ ኖውን» (ባውቅ ኖሮ) የሚለውስ? አሉታ የለበትም።

መምህሩ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ መገልበጡ «ኢፍ» የሚለውን ቃል ይተካል። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ካም» ከማለት «ሃድ አይ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ካም» ይባላል። ይህን መብት ያላቸው «ሃድ»፣ «ወር» እና «ሹድ» ናቸው። አሉታ ሲጨመርበት «ኖት» ከባለቤቱ በኋላ ይቀራል፦ «ሃድ አይ ኖት ኖውን»። «ሃድንት አይ ኖውን» ብለው ከጀመሩ ዓረፍተ ነገሩ የ«ኢፍ»ን ቦታ አይይዝም። በጥያቄ ግን ተቃራኒው ነው፤ «ዋይ ዶንት ዩ ካም» ሲባል የተጣበቀው አሉታ ከረዳቱ ጋር አብሮ ይዘላል።

ከዋሽንግተን፦ «ሂር ካምዝ ዘ ባስ» የሚለውስ?

መምህሩ፦ ሌላ ሥርዓት ነው። የሚዘለው ዋናው ግስ ራሱ ስለሆነ «ዱ» አይገባበትም፤ ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሲሆን ደግሞ «ሂር ኢት ካምዝ» ይባላል። ዛሬ አንገባበትም።

ሌላ ተፈታኝ፦ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ የሚገለብጡትን ቃላት ዝርዝር ሊሰጡን ይችላሉ?

መምህሩ፦ ይህ ተጠይቋል፤ ከላይ ያንብቡ። ደግሜ አሳስባለሁ፦ ዝርዝር አትሸምድዱ፤ ረዳት ግሱን ለዩ፤ አሉታው ምን እንደሚገዛ ጠይቁ።

ተፈታኝ፦ መምህር፣ እንግዲህ ራሴ ልሞክር። «ኖት ኦንሊ ዲድ ዘ ቲቸር ካም፣ በት ሂ ኦልሶ ብሮት ቡክስ» ትክክል ነው? «ኖት ኦንሊ ዘ ቲቸር በት ኦልሶ ዘ ስቱደንትስ ኬም» የሚለው ላይ ግን «ኖት ኦንሊ» ስሙን ብቻ ስለሚገዛ አልገለበጥኩም።

መምህሩ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሰጠኸው ምክንያትም ትክክል ነው። «ኖት ሜኒ ፒፕል ኬም» የሚለውንም በዚሁ ዓይን እየውና ለምን እንደማይገለበጥ ጻፍልኝ።

ተፈታኝ፦ «ኖት ሜኒ ፒፕል» ራሱ ባለቤቱ ነው። አሉታው ዓረፍተ ነገሩን ቢገዛም፣ ባለቤቱ ራሱ ከፊት ስላለ ረዳቱ የሚዘለው ነገር የለም።

መምህሩ፦ ትክክል። «ሁ ኮልድ ዩ» (ማን ጠራህ) ያለ «ዱ» የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው፤ «ሁ» ራሱ ባለቤቱ ነው።