የባሌዋ የጅረት እንቁራሪት

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሐረና ደን ዳር ነው፤ ከብት እናረባለን። ጅረታችን ሌላ አገር የማትገኝ እንቁራሪት አለባት ይባላል። ከብቶቻችን ይጎዷታል? ኩሬ ቆፍረን ብናረባትስ?

መልስ፦ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ናት። ማልኮም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሳይንስ ያስተዋወቃት፣ በዓለም ላይ በባሌ ተራሮች ብቻ የምትኖር፣ በጽኑ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት የተመደበች ትንሽ እንቁራሪት ናት። የስሟ መነሻ ኤሪካ፣ ማለትም አስታ ነው። የተመዘገበችው ከ2,400 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ባሉ ጥቂት ጅረቶች ነው፤ ስለዚህ አንድ ጅረት ሲበላሽ የሚጠፋው ትልቅ ድርሻ ነው።

አዎ፣ ከብት ይጎዳታል፤ ያውም ረግጦ በመግደል ብቻ አይደለም። ሰኮናው ዳሩን ይንዳል፣ የምትሸሸግበትን ሣርና በድንጋይና በግንድ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ያጠፋል፤ የታጠበው አፈር በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ጥላ የሚሰጠው ቁጥቋጦ ሲመነጠር ደግሞ ውኃው ይሞቃል፣ ዳሩ ይደርቃል። እንቁራሪት በቆዳዋ ጭምር ስለምትተነፍስ ደረቅ ዳር አይሆናትም።

ውኃውን በቧንቧ ስባችሁ ከጅረቱ ቢያንስ 30 ሜትር ራቅ ባለ ገንዳ አጠጡ። በበጋ ግን ጅረቱን ሙሉ በሙሉ አትጥለፉ፤ ገንዳው ሲሞላ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይኑረው፣ አለበለዚያ የሚፈሰው ትርፍ ዙሪያውን ጭቃ አድርጎ ወደ ጅረቱ ይመለሳል። ከብቱ መሻገር ካለበት መሻገሪያው አንድ ይሁን፤ ድንጋይ ይነጠፍበት። በሁለቱም ዳር ያለውን አስታና የወደቀ ግንድ ለማገዶ አትንኩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ የተነቀለ ቁጥቋጦ ጥላውን ለመመለስ ዓመታት ይወስድበታልና።

ኩሬውን ተዉት። የለመደችው ቀዝቃዛና የሚፈስ ውኃ ነው፤ የቆመ ውኃ ይሞቃል፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። ከቦታ ቦታ ማዛወርም በሽታ ያሰራጫል።

ጥያቄ፦ እንግዶችን ከጅረት ጅረት እመራለሁ። ጫማችን በሽታ ሊያዛምት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ኪትሪድ የተባለው የእንቁራሪት ቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋዎች ተገኝቷል፤ በእርጥብ ጭቃም ይጓዛል። መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ፍቁ፤ በረኪና ጭቃ ላይ ኃይሉ ይከሽፋል። ቀጥሎ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ በ4 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ጫማውን ከ1 ደቂቃ በላይ አርሱ። እጥበቱ ከጅረቱ ርቆ ይሁን፤ ክሎሪኑ እንቁራሪት ይገድላል። በመጨረሻ ፀሐይ ላይ ፍጹም እስኪደርቅ አስጡት፣ ፈንገሱ ድርቀትን መቋቋም አይችልምና። እንቁራሪቷን በእጅ አትንኩ።