ጉብዝናሽን ሳትደብቂ ትሁት መሆን ትችያለሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የዶክትሬት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነሽ፣ ከታች ክፍል ጀምሮም አንደኝነትን ለማንም አሳልፈሽ ሰጥተሽ አታውቂም። ሰሞኑን ግን ሁለት ነገር ከንክኖሻል። በሴሚናር ላይ የአንድ የማስተርስ ተማሪን ስህተት በሰው ፊት ነቅሰሽ አወጣሽ፣ ልጁም ከዚያ ወዲህ ይሸሽሻል። አድቫይዘርሽ ደግሞ አስተያየቱን ሳይጨርስ መከራከር እንደምትጀምሪ ነገረሽ። ትሁት መሆን ትፈልጊያለሽ፤ ግን ዝም ካልሽ የማታውቂ እንዳትመስዪ ትሰጊያለሽ።

ስጋትሽ ከፈተና ዓለም ይዘሽው የመጣሽ ነው ባይ ነኝ። እስከ ዛሬ የሚቀርብልሽ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ነበር። ቀድሞ የመለሰ ያሸንፋል። አሁን የምትሠሪውን ምርምር መልስ ግን አድቫይዘርሽም አያውቀውም፤ ስለዚህ መሳሳት የሥራው አካል ነው፣ ጎበዝ የሚባለውም ስህተቱን ቶሎ አይቶ የሚያስተካክል እንጂ የማይሳሳት አይደለም። ትህትና የምልሽ ይህንኑ ነው፦ ሰው ሲያርምሽ ሳይከብድሽ መቀበል። አንገትሽን ድፊ አላልኩሽም።

የሒሳብ ሊቁን አንድሩ ዋይልስን ተመልከቺ። ከ350 ዓመት በላይ የሒሳብ ሊቃውንትን ያስቸገረውን የፌርማ የመጨረሻ ቴዎረም አረጋገጥኩ ብለው እ.ኤ.አ. በ1993 ካምብሪጅ ላይ አቀረቡ፣ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ማረጋገጫው ሲገመገም ክፍተት ተገኘበት። ለማስተካከል አብሯቸው የሠራው ማን መሰለሽ? የቀድሞ ተማሪያቸው ሪቻርድ ቴይለር። በ1994 መፍትሔው ተገኘ፣ በ1995 ታተመ። ዛሬ ስለ ዋይልስ ሲወራ ክፍተቱም የቴይለር እገዛም በግልጽ ይነገራል፣ ክብራቸው ግን አልቀነሰም።

ወደ ልጁ ልምጣ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ደኒንግና ክሩገር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡትን ጥናት ሳትሰሚ አትቀሪም። ብዙ ጊዜ የሚወራው ደካማ ውጤት ያመጡት ሰዎች ራሳቸውን አጋነው እንደገመቱ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ላንቺ ይጠቅማል፦ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ከሌሎች አንጻር ያሉበትን ደረጃ ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ ለነሱ የቀለላቸው ለሌላውም የሚቀል መስሏቸው ነበር። ጎበዝ ሰው ሳያስበው የሚያስቀይመው በዚህ ነው። «ይሄ እንዴት ይጠፋዋል?» ይላል፣ ፊቱ ላይም ይታወቅበታል። ላንቺ ግልጽ የሆነው ነገር ለማስተርስ ተማሪ የወራት ልፋት ሊሆን ይችላል።

እርማትሽ ትክክል ከነበረ ስለ እርማቱ ይቅርታ አትጠይቂ። ቦታውና አነጋገርሽ ልክ እንዳልነበረ ግን ለብቻው አግኝተሽ ንገሪው። ከፈለገ ረቂቁን እንደምታነቢለትም ንገሪው፣ እሱ የተሻለ የሚያውቀው ነገር ካለ ደግሞ ጠይቂው፤ ለማስመሰል ሳይሆን የምር ልትማሪ።

አድቫይዘርሽ ሲናገር ማስታወሻ ያዢ። ሲጨርስ የገባሽን በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪውና በዚያው ቀን አትከራከሪ፣ እደሪበት። በማግስቱም የማትስማሚበት ነጥብ ካለ ዳታሽን ይዘሽ ሂጂ። መቃወምሽን ማንም አይጠላም፣ ሳይሰሙ መቃወም ነው ሰው የሚያሰለቸው።

ሴሚናር ላይ መልሱን እያወቅሽ የምትጠይቂውን ጥያቄ ተዪው። እውነት ያልገባሽን ግን «አልገባኝም» በይ። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ያንኑ ለመጠየቅ አፍረው የተቀመጡ ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቴክኒሻን ካንቺ የተሻለ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ከረዳሽ ፔፐርሽ ምስጋና ላይ ስሙን ጻፊ።

የሙያውን ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ከምርቃት በኋላ ሥራ የሚያስገኝልሽ ውጤትሽ ብቻ አይደለም። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልሽ ሰው ከሌሎች ጋር እንዴት እንደምትሠሪ ይጠየቃል፣ ቀጣሪዎችም አብረውሽ የሠሩትን ስልክ ደውለው ይጠይቃሉ። ዛሬ የሚሸሽሽ የማስተርስ ተማሪ ነገ የሥራ ባልደረባሽ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አደራ፣ ወደ ሌላው ጫፍ እንዳትሄጂ። «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» እያሉ ራስን ማሳነስ ትህትና አይደለም፤ ሰው ላይ አንቺን የማጽናናት ሥራ መጨመር ነው። ማመልከቻና ሲቪ ላይ ያሳካሽውን ሳታሳንሺ ጻፊ። ብቻሽን የሠራሽውን «ሠራሁ»፣ በቡድን የሠራችሁትን «ሠራን» በይ፣ ከዚያ ውስጥ ያንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነም ለይተሽ አስቀምጪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ተሳስተሽ ስለታረምሽበት ጊዜ ከጠየቁሽ ደግሞ እውነተኛውን ንገሪያቸው፦ ምን አስበሽ እንደነበር፣ ማን እንዳረመሽ፣ ከዚያ በኋላ አሠራርሽ ላይ ምን እንደቀየርሽ።