ከካሜራው ፊትም ከኋላውም፦ ስለ ቪ. ሻንታራም ለጠየቃችሁን

ስለ ሂንዲ ፊልም ጅማሮ ከአንባቢዎቻችን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ተዋናይም ዳይሬክተርም በነበረው በቪ. ሻንታራም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሻንታራም መጀመሪያ ተዋናይ ነበር ወይስ ዳይሬክተር? አንዱ ጽሑፍ ተዋናይ ይለዋል፣ ሌላው የስቱዲዮ ባለቤት።

መልስ፦ ሦስቱንም ነበር፤ ግራ የሚያጋባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሙሉ ስሙ ሻንታራም ራጃራም ቫንኩድሬ ሲሆን በ1901 በምዕራብ ህንዷ ከተማ በኮልሃፑር ተወለደ። በልጅነቱ ጋንዳርቫ ናታክ ማንዳሊ ከተባለው የማራቲ የሙዚቃ ቲያትር ቡድን ጋር ቆየ። ቀጥሎም በሁብሊ ከተማ በባቡር ጥገና ወርክሾፕ ሠራ፤ በቆርቆሮ በተሠራ ሲኒማ ቤትም በረኛ ነበር። በ1920 ባቡራኦ ፔይንተር ባቋቋመው የማሃራሽትራ ፊልም ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ኩባንያ የገባ ወጣት የተለየ የሥራ መደብ አይሰጠውም፤ ወለል ይጠርጋል፣ ጀርባ የሚሆነውን ሥዕል ይቀባል፣ ፊልም ያጥባል፣ ሰው ሲጎድልም ልብስ ለብሶ ይተውናል።

በ1921 በ«ሱሬኻ ሃራን» የሂንዱዎችን አምላክ የክሪሽናን ገጸ ባህርይ ይዞ ታየ። ትወናው የተመሰከረለት ግን በ1925 በተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም በ«ሳቭካሪ ፓሽ» ነው፤ አራጣ አበዳሪ በሐሰተኛ ወረቀት መሬቱን የነጠቀውን ወጣት ገበሬ ሆኖ ሠራ። በአማልክትና በነገሥታት ታሪክ ተሞልቶ በነበረው የህንድ ፊልም ውስጥ ዕዳ ያጎበጠው ገበሬ ዋና ሰው ሆኖ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሻንታራም በኋላ የሠራቸው ማኅበራዊ ፊልሞች መነሻቸው እዚህ ይመስለናል። በ1927 «ኔታጂ ፓልካር»ን ዳይሬክት አደረገ። በ1929 ደግሞ ከዳምሌ፣ ከፋቴላል፣ ከዳይበርና ከኩልካርኒ ጋር ሆኖ ፕራብሃት የተባለውን ፊልም ኩባንያ በኮልሃፑር አቋቋመ፤ ትርጉሙም ንጋት ማለት ነው። በፕራብሃት የድምፅ ፊልሞች ዘመን በአብዛኛው የቆመው ከካሜራው ኋላ ነው። ወደ ፊት ለፊት የተመለሰው ኩባንያውን ከለቀቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልሙ በሁለት ስም ይጠራል፤ «ኩንኩ» እና «ዱኒያ ና ማኔ»። አንድ ፊልም ነው ወይስ ሁለት?

መልስ፦ ሁለት ፊልም ነው፤ ታሪኩና ቦታው ግን አንድ። ድምፅ ለፊልም እንደመጣ የቋንቋ ችግር አብሮ መጣ። የመጀመሪያው የህንድ ድምፅ ያለው ፊልም «አላም አራ» በመጋቢት 1931 ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ላይ ታየ። ፕራብሃት የሚሠራበት አገር ደግሞ የማራቲ ተናጋሪ ነው፤ ሰፊው ገበያ ያለው በሂንዲ ነው። አንዱን ቋንቋ በሌላ ድምፅ መተካት ገና ስላልተለመደ መፍትሔው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ መቅረጽ ነበር። ከ1932ቱ «አዮዲያቻ ራጃ»፣ በሂንዲ «አዮዲያ ካ ራጃ»፣ ጀምሮ ብዙዎቹ የፕራብሃት ሥራዎች በዚህ መንገድ ተወልደዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቦታው ይዘጋጃል፣ መብራቱ ይደረደራል፣ ካሜራው ይተከላል። ትዕይንቱ በአንዱ ቋንቋ ተቀርጾ ከጸደቀ በኋላ ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ያው ትዕይንት በሌላው ቋንቋ ይደገማል። ትልቁን ጊዜ የሚበላው መብራትና ካሜራ ማስተካከሉ ስለሆነ ዋናው ቁጠባ እዚህ ላይ ነው። በጥሬ ፊልም ግን ቁጠባ የለም። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል እየበላ ሲሄድ 1,000 ጫማ፣ ማለትም 305 ሜትር ያህል፣ በ11 ደቂቃ ያልቃል፤ ሁለት ቋንቋ ማለት ደግሞ እጥፍ ነው። ኤዲቲንጉም ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ቃላት እኩል አይረዝሙም። በማራቲ አንድ ሐረግ ተናግሮ በሩ ጋ የሚደርስ ተዋናይ በሂንዲ ሲናገር ሁለት እርምጃ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ እንዲቆምበት የተሰመረለትን ምልክት ያልፋል ወይም ሳይደርስ ይቆማል፣ ምስሉም ፎከስ ያጣል። ሁለተኛ፣ ለቅሶ ሁለት ጊዜ እኩል አይወጣም፤ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው አንዱ ዘወትር ትኩስ፣ ሌላው ደግሞ ልምድ መስሎ ይታየዋል። ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚናገር ተዋናይ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ሰው ይቀየራል። በ1941 ስለ ሂንዱና ሙስሊም ጎረቤታሞች በተሠራው ፊልም፣ በማራቲ «ሼጃሪ» በሂንዲ «ፓዶሲ»፣ የሂንዱውን ሽማግሌ በማራቲው ኬሻቭራኦ ዳቴ፣ በሂንዲው ማዝሃር ካን ይጫወቱታል። በሂንዲው ቅጂ ሙስሊሙ ተዋናይ ሂንዱውን፣ ሂንዱው ጋጃናን ጃጊርዳር ደግሞ ሙስሊሙን ሆነው መቅረባቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ምርጫ ነው፤ የፊልሙም መልእክት ያው ነው።

በእጅዎ ያለው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ለማወቅ በፊደሉ አይመሩ፤ ማራቲም ሂንዲም የሚጻፉት በዴቫናጋሪ ፊደል ነው። የሚለየው ርእሱ ነው፦ «ኩንኩ» ማራቲ፣ «ዱኒያ ና ማኔ» ሂንዲ፤ «ማኑስ» ማራቲ፣ «አድሚ» ሂንዲ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን የህንድ ባለቀለም ፊልም የሠራው እሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሞክሯል፤ አልተሳካለትም። በ1933 «ሳይራንድሪ»ን በቀለም ሠርቶ ለማሳተም ወደ ጀርመን ይዞ ሄደ። ቀለሞቹ ከተፈጥሮ ርቀው ወጡ። የዘመኑ ባለ ሁለት ቀለም ዘዴ አንዱን ፊልም ለቀይና ብርቱካናማ፣ ሌላውን ለሰማያዊና አረንጓዴ ወገን ይመድባል፤ ንጹሕ ቢጫ ወይም ሐምራዊ ከሁለቱ መካከል ስለማይገኝ የሰው ገጽታም ልብስም ወደ አንዱ ወገን ያጋድላል። በህንድ ምድር ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው ባለቀለም ፊልም የሚባለው በ1937 አርደሺር ኢራኒ ያዘጋጀው «ኪሳን ካንያ» ነው። ሻንታራም ግን ከጀርመን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ የጀርመኖቹን የጥላና የብርሃን አጠቃቀም በዓይኑ አይቶ መጣ።

ጥያቄ፦ በ«አምሪት ማንታን» ውስጥ ስክሪኑን የሚሞላው ዓይን እንዴት ተቀረጸ?

መልስ፦ ያ ጀርመን የታየው ነገር ፍሬ ያፈራው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ የ1934 ነው፤ ፕራብሃት ወደ ፑኔ ተዛውሮ በአዲሱ ስቱዲዮ የሠራው። ንጉሡ የእንስሳት መሥዋዕትን ሲከለክል ሊቀ ካህኑ ሴራ ይጠነስሳል። ሊቀ ካህኑን የሚጫወተው ቻንድራ ሞሃን ሲሆን ዓይኖቹ ትልልቅና ፈዘዝ ያሉ ናቸው፤ ሻንታራም ፊልሙን የገነባው በእነዚያ ዓይኖች ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የተጠቀመው ረጅም ሌንስ፣ ቴሌፎቶ፣ ነው። በአጭር ሌንስ ዓይን ብቻ ለመያዝ ካሜራው ፊት ላይ ሊለጠፍ ምንም አይቀረውም፤ ያኔ የካሜራው ጥላ ተዋናዩ ላይ ይወድቃል፣ አፍንጫውም ያለ መጠን ይገዝፋል፣ ካሜራው ድምፁ እንዳይሰማ የሚለብሰው መሸፈኛም ለመብራት ቦታ አይተውም። ረጅሙ ሌንስ ከሩቅ ሆኖ ይስባል፤ ፊቱ ቅርጹን አይለቅም። ዋጋው ግን አለ። የፎከሱ ጥልቀት እጅግ ጠባብ ነው፤ ተዋናዩ ራሱን በጥቂቱ ወደ ፊት ቢያዘነብል ሽፋሽፍቱ ጠርቶ ብሌኑ ይደበዝዛል። እንዲህ ያሉ ሌንሶች ብርሃን አብዝተው ስለሚፈልጉ ደግሞ መብራት ይጨመራል፤ መብራት ሲበዛ ዓይን ያነባል፣ ይርገበገባል። ተዋናዩ ሳይርገበገብ የሚቆይባት አፍታ ናት ቀረጻው ማለት። ዙሪያው ጨለማ መሆኑም ለማስፈራራት ብቻ አይደለም፤ ሌላ የሚታይ ነገር ከሌለ ተመልካቹ ወደዚያ ብሌን ከማየት በቀር አማራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ «ዱኒያ ና ማኔ» ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም የሚባለው ስህተት ነው መሰለኝ፤ ዘፈን ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ዘፈን አለ፤ ማጀቢያ የለም። ትዕይንቱ ውስጥ ያለ ሰው ይዘፍናል፤ ስሜት ለመቀስቀስ ከውጭ የሚገባ የኦርኬስትራ ድምፅ ግን አይሰሙም። ታሪኩ ተታልላ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ስለተዳረች ኒርማላ ስለተባለች ወጣት ነው፤ ጋብቻውን አልቀበልም ብላ በገዛ ቤቱ ትገጥመዋለች። ሻንታ አፕቴ ኒርማላን፣ ኬሻቭራኦ ዳቴ ባልየውን ይጫወታሉ። በቤቱ ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ነው፤ የሽማግሌው ዕድሜ መቁጠሪያም እሱ ነው። ሙዚቃ ቢኖር ያ ሰዓት አይሰማም ነበር። በ1937 ለታየ ፊልም ይህ ድፍረት ነው።

ዘፈኑን ራሷ ሻንታ አፕቴ መዝፈኗንም ያስተውሉ። በሌላ ሰው ድምፅ አስቀድሞ ቀርጾ ከንፈር ማንቀሳቀስ በሂንዲ ፊልም የተጀመረው በ1935 ካልካታ ውስጥ በኒው ቲያትርስ ነው። ከዚያ በፊት ተዋናይ ለመሆን መዝፈን ግድ ነበር።

ጥያቄ፦ ራሱ እየተወነ እንዴት ዳይሬክት ማድረግ ይችላል? ማን ያየዋል?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች የወደድነው ይህንን ነው። ዛሬ ዳይሬክተሩ የሠራውን ወዲያው በሞኒተር መልሶ ያያል። በሻንታራም ዘመን ሞኒተር የለም፤ የሠራውን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ከታተመ በኋላ ነው። ከተለመዱት የስቱዲዮ ካሜራዎች ብዙዎቹ በቀረጻ ወቅት ለካሜራ ማኑም ቢሆን በሌንሱ ውስጥ አያሳዩም፤ በጎን በኩል ባለ መመልከቻ ነው የሚከታተለው።

ስለዚህ ተዋናይ የሆነ ዳይሬክተር ሥራውን አስቀድሞ ይጨርሳል። በቁመት የሚመስለውን ሰው በራሱ ቦታ አቁሞ ከካሜራው ኋላ ይሄዳል፤ ምስሉን ይመለከታል፣ መብራቱን ያስተካክላል። የሚቆምባቸው ቦታዎች በኖራ ይሰመራሉ፤ ከሌንስ እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ፎከስ ለሚያዞረው ረዳት ይነገረዋል። ከዚያ ተተኪው ይወጣል፣ ዳይሬክተሩ ይገባል። ያኔ «ጥሩ ነው» ወይም «ይደገም» የማለት ሥልጣን በተግባር የካሜራ ማኑና የረዳቱ ይሆናል፤ እነሱ አለቃቸውን ለማስደሰት ዝም ካሉ ፊልሙ ይጎዳል።

ሌላም ችግር አለ። አብረውት የሚተውኑት ሰዎች ገጸ ባህርዩን ሳይሆን ዳይሬክተሩን ያያሉ፤ ፊቱ ላይ «ተሳካ ወይ?» የሚለውን ይፈልጋሉ። እሱም የራሱን ቃል እየተናገረ ሌላው ሰው በሰዓቱ መግባቱን በዓይኑ ጥግ ይጠብቃል። ተመልካች ይህን ስም አይሰጠውም፤ ቅዝቃዜው ግን ይሰማዋል።

ሻንታራም ይህን ያሸነፈው ሚናውን በመምረጥ ይመስለናል። በ1946ቱ «ዶክተር ኮትኒስ ኪ አማር ካሃኒ» በ1938 ከህንድ ወደ ቻይና ከተላኩት አምስት ሐኪሞች አንዱን፣ እዚያው በ32 ዓመቱ ያረፈውን ድዋርካናት ኮትኒስን ሆነ። ሻንታራም ያኔ 45 ዓመት ገደማው ነበር፤ የዕድሜው ልዩነት አንዳንድ ቦታ ይታያል። ዶክተሩ ግን ሌሎችን የሚመራና የሚያዝ ሰው ነው። በ1957ቱ «ዶ አንኬን ባራህ ሃት»ም ያው ነው። ርእሱ «ሁለት ዓይኖች፣ ዐሥራ ሁለት እጆች» ማለት ሲሆን፣ ዓይኖቹ የአንድ እስር ቤት ኃላፊ፣ እጆቹ ያለ ሰንሰለት አውጥቶ መሬት የሚያሳርሳቸው የስድስት ነፍሰ ገዳዮች ናቸው። ሰዎችን የሚጠብቅ፣ የሚያይ፣ የሚያርም ገጸ ባህርይ ስለሆነ የዳይሬክተሩ ዓይን ከገጸ ባህርዩ ዓይን ጋር አይጣላም። እስረኞቹ ፈቃዱን ፍለጋ ቢያዩትም ትክክል ነው፤ ታሪኩ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ከሻንታራም ትወናዎች ሁሉ ይህን የምናስበልጠው ለዚህ ነው።

የዚህ አሠራር አደጋም የታየው እዚያው ላይ ነው። ከበሬ ጋር የሚታገልበትን ትዕይንት ራሱ ሲሠራ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ፤ ብርሃኑን ሊያጣም ተቃርቦ ነበር። ተዋናዩ ሲጎዳ ሥራውን የሚያስቀጥል ዳይሬክተር አይኖርም፤ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸውና። ካገገመ በኋላ በ1959 የሠራው በቀለም የተንቆጠቆጠው «ናቭራንግ»፣ ማለትም ዘጠኝ ቀለማት፣ ነው።

ጥያቄ፦ በቬኒስ የተሸለመው «ሳንት ቱካራም» የእሱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኩባንያው ፕራብሃት ነው፤ ዳይሬክተሮቹ ግን ዳምሌና ፋቴላል ናቸው። የሻንታራም ትልቁ የውጭ ሽልማት በ1958 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል «ዶ አንኬን ባራህ ሃት» ያገኘው የብር ድብ የተባለው ሽልማት ነው። የህንድ ከፍተኛው የፊልም ሽልማት የሆነውን የዳዳሳሄብ ፋልኬን ሽልማት ለ1985 ተቀበለ፤ በ1990 አረፈ።

ጥያቄ፦ «ራጅካማል» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ የወላጆቹ ስም ነው፤ አባቱ ራጃራም፣ እናቱ ካማል። በ1942 ፕራብሃትን ለቅቆ ቦምቤይ፣ ፓሬል ውስጥ የዋዲያ ሙቪቶን በነበረው ግቢ ያቋቋመው ስቱዲዮ ራጅካማል ካላማንዲር ይባላል። የፑኔው የፕራብሃት ግቢ ደግሞ በ1960 የህንድ የፊልም ተቋም ሆነ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው ፊልም ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ዶ አንኬን ባራህ ሃት»፤ ተዋናዩንና ዳይሬክተሩን በአንድ ላይ ያገኟቸዋል። ቀጥለው «ዱኒያ ና ማኔ»ን ይመልከቱ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሰዓቱን እያዳመጡ። ሦስተኛው «አምሪት ማንታን» ይሁን፤ ቅጂው ከጠቆረ ግን ይተዉትና የተሻለ ይፈልጉ፣ ፊልሙ በጥላ የተሠራ ስለሆነ መጥፎ ቅጂ ግማሹን ይውጠዋል። ከድምፅ አልባው ዘመን ብዙ አይጠብቁ። የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራው ከናይትሬት ነው፤ በሙቀት ይፈርሳል፣ በቀላሉ ይነዳል፣ በውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ሲባልም ይቀልጥ ነበር። አብዛኛው የህንድ ድምፅ አልባ ፊልም የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።