አባቴ ዕድሜውን በነዳጅ ሥራ ጨረሰ፤ እኔስ ልግባበት?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። እህታችን 5 ኪሎ የኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። አባቷ በወጣትነታቸው አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ተቀጠሩ፤ ማጣሪያው ሲዘጋ ወደ ዴፖ፣ ማለት ወደ ነዳጅ ማከማቻ፣ ዞሩ፤ ከዚያ አዋሽና ጅቡቲ እየተመላለሱ ጭነት ሲቆጣጠሩ ኖረው አምና ጡረታ ወጡ። ልጃቸው በዚሁ መስመር ልግባ ስትል ግን "ባንክ ግቢ፣ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ" አሏት። እሷም እንዲህ ትላለች፦ "አባቴን የሚያክል ታታሪ ሰው አላውቅም፤ ግን ስንቱን እንቁጣጣሽ ያለ እሱ አሳለፍን።"

እኔ የምልሽ ግቢ ነው። ግን በየትኛው በር እንደምትገቢ አስቀድመሽ ምረጪ። አባትሽን ከቤት ያራቃቸው የያዙት ቦታ ነው እንጂ ነዳጁ አይደለም።

የሳቸውን ዘመን አስቢው። የአሰብ ማጣሪያ በፈረንጆቹ 1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ሲዘጋ ሠራተኛው ሙያውን ይዞ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ ነው የምናስገባው፤ ጅቡቲ ላይ ቦቴ ላይ ተጭኖ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። እሳቸው የሚያውቁት ሥራ የሚፈለገው እዚያ መንገድ ላይ ነበር፤ ቤተሰብ ደግሞ እዚህ። ልጆች ማስተማር ነበረባቸው፣ ሄዱ። ይሄን እንደ ጥፋት አትቁጠሪባቸው።

ሰው "ነዳጅ ድርጅት ገባ" ሲባል አንድ ሥራ ይመስለዋል። ቁፋሮ ላይ ያለ ሰውና ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ቁጭ ብሎ የግዢ ሰነድ የሚከታተል ሰው ኑሯቸው በምንም አይገናኝም። ሪግ ላይ፣ ማለት ቁፋሮው ጣቢያ፣ ብዙ ቦታ በቀን 12 ሰዓት ይሠራል፣ 28 ቀን ገብተሽ 28 ቀን ትወጫለሽ። ስትወጪ ሙሉ በሙሉ የቤትሽ ነሽ፤ ስትገቢ ግን ልጅ ቢታመም፣ ለቅሶ ቢደርስ፣ ሰርግ ቢኖር የለሽም። ዴፖ ፈረቃ ነው፣ ሌሊትም አለው። የሽያጭ ሰዎች ማደያ ለማደያ ክፍለ ሀገር ይዞራሉ። ጥራት ቁጥጥርና ላቦራቶሪ፣ የደኅንነት ክፍል፣ ዕቅድ፣ እነዚህ ባብዛኛው ማታ ቤት ያስገባሉ፤ ላንቺ ትምህርትም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።

አሁን አባትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ቦቴ ሲረከቡ ምን ምን ያደርጉ ነበር? እጃቸው ላይ ያለውን ዕውቀት ያኔ ታያለሽ። ሞተር ይጠፋል፣ ነዳጁ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከቱቦው በፊት የመሬት ሽቦው ይታሰራል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። እሽጉ ይታያል። ከዚያ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ መለኪያ ዘንጉን መክተት ነው፣ ጫፉ ላይ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ተቀብቶ። ቀለሙ ከተቀየረ ከሥር ውኃ አለ ማለት ነው። በመጨረሻ ሙቀት ይለካል፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ጅቡቲ ሙቀት ላይ የተጫነ 45,000 ሊትር ናፍጣ አዲስ አበባ ሲደርስ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 360 ሊትር ያህል ይሸሻል፣ ማንም ሳይነካው፣ በቃ ስለሚኮማተር። ይሄን የማያውቅ ተረካቢ ሹፌሩን ሌባ ይለዋል፣ የሰው እንጀራ ይዘጋል። የሚያውቅ ደግሞ ሒሳቡን ሠርቶ በቅዝቃዜ የጎደለውንና በእጅ የጎደለውን ይለያል። አባትሽ ስንቱን ሹፌር ከክስ እንዳዳኑ እስቲ ጠይቂያቸው። ሥራ ኢንተርቪው ላይ ይሄን በራስሽ አንደበት ካስረዳሽ ከብዙ ተፎካካሪ ተለይተሽ ትታያለሽ።

ሌላ የምታናግሪያት ሰው እናትሽ ናት። እሳቸው ጅቡቲ ሲሆኑ የወላጅ ስብሰባ የሄደው፣ ዕድር የደረሰው፣ ታማሚ ይዞ ያደረው ማነው? የቤቱ ግማሽ ሥራ እሷ ላይ ነበር። አንቺ ፊልድ ብትወጪ ያን የሚሸከምልሽ ማን እንደሆነ ካሁኑ ማሰብ አለብሽ፣ ነገ ከምታገቢው ሰው ጋርም ሳትደባበቂ የምትነጋገሪበት ጉዳይ ነው። ባንክ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ማታ ቤት ያስገባል ብለሽ ብቻ እንዳትገቢ፣ ካሸር ሒሳቡ ካልተዘጋለት የትም አይሄድም።

ያንቺ ዘመን ከሳቸው ይሻላል። ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዙ የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል፣ ጎዴ ላይም የማጣሪያ መሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ደስ ይላል። ግን የመሠረት ድንጋይ ደሞዝ አይከፍልም፣ እሱን ተማምነሽ ሌላውን በር አትዝጊ። ውጭ አገር ሪግ ላይ እሄዳለሁ ካልሽም ዋጋው እንደሚዋዥቅ እወቂ፤ በፈረንጆቹ 2014 አጋማሽ በርሜሉ ከ100 ዶላር በላይ የነበረ ድፍድፍ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወርዶ በየአገሩ ብዙ ሰው ከሥራ ተቀንሷል። የመጀመሪያ ደሞዝሽን በዚያ ልክ ያዢው፣ ቁጠቢ።

ስለዚህ ከመመረቅሽ በፊት የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ቦቴ ላይ በሙቀት ለውጥ ስለሚጎድለው ነዳጅ አድርጊው፤ አባትሽ የሚያማክሩሽ ነገር ሞልቷቸዋል። ለልምምድ ኖክ፣ ቶታል ኢነርጂስ፣ ኦላ ኢነርጂ፣ የተባበሩት ጋ ደብዳቤ አስገቢ፣ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅትንም አትርሺ። ደብዳቤው ላይ "የትም ቢሆን እሠራለሁ" አትበዪ፤ ጥራት ቁጥጥር ወይም ደኅንነት ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። በአካል ሂጂ፣ የሰው ኃይል ክፍሉን አናግሪ፣ በኢሜይል ብቻ የተላከ ማመልከቻ ተቀብሮ ይቀራል። ሲቪሽን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ። ለአባትሽም ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።