«ዛሬ አይበርም» ማለትን ልመዱ፦ ድሮንን ሙያ ብላችሁ ለያዛችሁ ወጣቶች

ልጆች እንደምን ናችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባና አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ነው ደንበኛ ፊት ቆማችሁ «ዛሬ አይበርም» ያላችሁት? አንድም ጊዜ ካላላችሁ ወይ አየሩም ቦታውም ባትሪውም ወር ሙሉ ተመችቷችኋል፣ ወይ ደሞ ማለት የነበረባችሁን ሳትሉ ቀርታችኋል። እኔ እዚህ ስራ ላይ እንዳየሁት ከሆነ ሁለተኛው ነው ሚመስለኝ።

ይሄን የምላችሁ በራሴ ስለደረሰ ነው። ወደ ድሮን የመጣሁት ከብዙ ዓመት የመሬት ቅየሳ በኋላ ነው፣ መሳሪያ ተሸክሞ ሲዞር ለኖረ ሰው ሳምንት የሚፈጀውን መሬት በአንድ ጠዋት ጨርሶ መውጣት ትልቅ ነገር ነው፣ እና ያኔ ከደስታው የተነሳ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ደንበኛው ሰዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ቆሟል፣ ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላማረኝም፣ የዛፎቹ ጫፍ ይወዛወዛል፣ ግን እኛ የቆምንበት ቦታ በህንፃ ስለተከለለ ጸጥ ያለ ነው። «አምስት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው» አለኝ፣ እኔም አነሳሁት። ሲሄድ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው ስለነበር ይፈጥናል፣ ልመልሰው ሳዞረው ግን ነፋሱን ፊት ለፊት ገጠመውና ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል፣ የባትሪው ቁጥር እያየሁት ይወርዳል፣ በመጨረሻ ዝቅ አድርጌ ሰው ካለበት ብዙም ያልራቀ ሜዳ ላይ አሳረፍኩት። ማንም አልተጎዳም፣ ድሮኑም ደህና ነበር፣ ደንበኛው እንደውም ምንም ነገር መፈጠሩን አላወቀም። እኔ ግን ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ አየር ላይ የተሰራ አይደለም፣ ገና መሬት ላይ ቆሜ እያወቅኩት ነው ዝም ያልኩት።

ከዛ ቀን በኋላ ነፋስ ባለበት ሁሉ መጀመሪያ ነፋሱን እየተጋፋሁ ነው የምሄደው፣ ስመለስ ነፋሱ እንዲያግዘኝ። ሁለተኛው ነገር ደሞ ገደቤን ቤት ሆኜ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ፣ ቁጭ ብዬ በወረቀት እጽፋለሁ፦ ነፋሱ ከዚህ ካለፈ አላነሳም፣ ባትሪው 30 ከመቶ ሲደርስ ስራው ባያልቅም እመለሳለሁ፣ ሰው ከስር ካለ አቆማለሁ። ይሄንን ወረቀት ውል ከመዋዋላችን በፊት ለደንበኛው አሳየዋለሁ። ቁጥሩን ቤት ሆናችሁ ወስኑት፣ ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚወሰን ቁጥር ሁሌም ይለጠጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፣ እኛ ያፈሰስነው ግን ሰው ላይ ከወደቀ ተለቅሞ አያልቅም።

ህጉን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ቁጥሮቹን ለፈተና ብቻ ነው ምትሸመድዱት፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይጠፋል። ምክንያቱ የገባው ሰው ግን አይረሳውም። ሰው የሌለበት አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሌላ ሀገር ሰማይ ላይ መብረር እንደማይችል እኮ በ1944 የሀገራት የሲቪል አቪዬሽን ውል በሆነው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 8 ላይ ተጽፏል (ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ከኛ ባለ ካሜራ ድሮን በፊት ማለት ነው። ድሮናችሁ በህግ ዓይን አውሮፕላን ነው፣ እናንተም ኃላፊነቱን የተሸከማችሁ አብራሪ ናችሁ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው። አሜሪካኖቹ ፓርት 107 የሚሉትን ደንብ በነሐሴ 2016 ስራ ላይ ሲያውሉ ከፍታውን 400 ጫማ አሉ፣ አውሮፓ ደሞ ከታህሳስ 2020 ማብቂያ ጀምሮ ስራ ላይ ባዋለው የጋራ ደንብ 120 ሜትር አለ፣ ያው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ለምን? ሰው የጫነ አውሮፕላን በእይታ ሲበር በጥቅሉ ከ500 ጫማ በታች እንዳይወርድ ስለሚጠበቅ በሁለታችን መሀል የምትቀረው ወደ 30 ሜትር የምትጠጋ ክፍተት ናት። እሷን ነው ምትበሏት «ትንሽ ከፍ ብል ምን ይሆናል» ስትሉ። ሄሊኮፕተር፣ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን፣ አምቡላንስ ሄሊኮፕተር ደሞ ከዛም በታች ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ከገደቡ በታች ሆናችሁም ሰማዩ የናንተ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ልምድ ያለው ሰው ራሱ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ከፍታ ብዙ ጊዜ ከተነሳችሁበት ቦታ ነው የሚለካው፣ ድሮኑ ከስሩ ካለው መሬት አይደለም። ህጉ ግን የሚለው ከስር ካለው መሬት ነው። ኮረብታ አናት ላይ ቆማችሁ 100 ሜትር ላይ አድርጋችሁ ወደ ሸለቆው ብታወጡት፣ ሸለቆው 150 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ድሮኑ መሬት ላይ ላለው ሰው 250 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ስክሪኑ ግን አሁንም 100 ይላችኋል እናንተም ህግ ያከበራችሁ ይመስላችኋል። ተቃራኒው ደሞ አለ፣ ከሸለቆ ተነስታችሁ ወደ ዳገቱ ስታወጡት ቁጥሩ ሳይቀየር ዳገቱ ራሱ ይመጣባችኋል። የቅየሳ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል ይሄ ነገር በጣም የሚያሳስበኝ፣ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ካርታ ላይ ማየት አስር ደቂቃ አይፈጅም።

በዓይን እያዩ ማብረር የሚባለውን ደሞ የአንድ ሰው ታሪክ ነው በደንብ ያስረዳኝ። መስከረም 21፣ 2017 ኒውዮርክ አጠገብ አንድ ድሮን ከአሜሪካ ጦር ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ሄሊኮፕተሩ ወደ 300 ጫማ ላይ ነበር የሚበረው፣ ልብ በሉ፣ ከ400 በታች ማለት ነው። ድሮኑ ከአብራሪው ወደ 2.5 ማይል ርቆ ነበር፣ ሰውየው ምንም አያየውም፣ ታብሌቱን ብቻ ነው የሚያየው። በጊዜው እዛ አካባቢ ጊዜያዊ የበረራ ክልከላ ነበር፣ እሱ ግን ክልከላ ካለ አፑ ይነግረኛል ብሎ ነበር የተማመነው። ሲግናሉ ሲቋረጥ ተበላሽቶ ውሃ ውስጥ ወድቋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ ሄሊኮፕተር መምታቱን ያወቀው መርማሪዎቹ ሲያነጋግሩት ነው። ሄሊኮፕተሩ በሰላም አረፈ፣ የተጎዳ ሰው የለም። እኔን የሚከብደኝ ግን ያ ሰው በልቡ ምንም ክፉ ነገር አላሰበም፣ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። ማየት ያቆመ አብራሪ ምን እንዳደረገ እንኳን አያውቅም።

«የኔ ትንሽ ናት፣ ከ250 ግራም በታች ናት» የምትሉ ደሞ አላችሁ። ጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ላይ ያ ትልቅ እሳት ሲነድ ውሃ የሚረጭ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ድሮን ገባበትና ቀዳዳ ከፈተበት፣ ወደ 7 በ15 ሴንቲሜትር፣ አውሮፕላኑም እስኪጠገን ከስራ ውጪ ሆነ። ድሮኗ እንደዛች ትንሽ ከምትሏት ነበረች። ሰውየው እሳቱን ለማየት ብሎ ነው ያስነሳት፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ ከዓይኑ ጠፋችበት። ቤት እየተቃጠለ ባለበት ሰዓት ውሃ የሚያመላልስ አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደሞ ሌላም ነገር፣ በአሜሪካው ደንብ ክብደቷ ከ250 ግራም በታች የሆነች ድሮን ከምዝገባ ነፃ የምትሆነው ለመዝናኛ ሲሆን ነው፣ በፓርት 107 ለስራ ካበረራችኋት ብታንስም ትመዘገባለች። ስለዚህ የምትሰሩበትን ሀገር ደንብ ራሱን አንብቡ፣ ከሰው አፍ የሰማችሁትን አትያዙ፣ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የምታበሩበት ምክንያትም ይቆጠራል።

አፑ ከከለከለኝ አላበርም፣ ካልከለከለኝ አበራለሁ የሚለው አስተሳሰብም ከዚህ በኋላ አያዋጣም። ድሮን አምራቹ ዲጄአይ በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ የተከለከሉ ቦታዎች ላይ ድሮኑ ጭራሽ እንዳይነሳ ያደርግ የነበረውን አጥር አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል፣ አውሮፓ ላይ ደሞ ከዛ ቀድሞ ነው ያደረገው። አሁን ስክሪኑ ያስጠነቅቃችኋል፣ እሺ ካላችሁት ይነሳል። ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣውን የበረራ ማስታወቂያ) ማየት፣ ካርታ ማየት፣ ፈቃድ መጠየቅ የናንተ ስራ ነው፣ በፊትም የናንተ ነበር።

ሪተርን ቱ ሆም የሚባለውን፣ ድሮኑ በራሱ ወደ ተነሳበት ቦታ የሚመለስበትን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም ወጣቶች እንደ መዳኛ ነው ምታዩት። ማሽኑ የሚመለሰው እናንተ ባዘዛችሁት ከፍታ ነው፣ ከፍታውን 30 ሜትር ላይ ትታችሁት በመሀል 45 ሜትር የሚሆን ምሰሶ ካለ፣ ሴንሰር ከሌለው ወይም ሴንሰሩ ቀጭኑን ሽቦ ካላየ፣ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ስለዚህ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር አካባቢው ላይ ካለው ረጅም ነገር በላይ አድርጋችሁ ከፍታውን እንደገና አስተካክሉ፣ የትናንቱ ቁጥር ለዛሬው ቦታ አይሰራም። ድልድይ ስር ወይም ጣራ ያለው ቦታ ውስጥ ሆናችሁ ሲግናል ቢቋረጥ ደሞ ወደ ላይ ልውጣ ሊል ይችላል፣ እዛ ሲግናል ቢጠፋ ባለህበት ቁም እንዲል ቀድማችሁ ማስተካከል አለባችሁ። ከጀልባ ላይ ከተነሳችሁም ቤቴ ብሎ የያዘው ቦታ አሁን ውሃ ብቻ ነው። ጂፒኤሱ በደንብ ሳይዝ፣ ሆም ፖይንቱ (የሚመለስበት ቦታ) መመዝገቡን ሳታዩ አትነሱ፣ ብረት የበዛበት ኮንክሪት ላይ አስቀምጣችሁም ኮምፓስ ካሊብሬት አታድርጉ (አቅጣጫ መለኪያውን አታስተካክሉ)።

ባትሪ ላይ ባጭሩ፦ ያበጠ ባትሪ አይበርም፣ በቃ፣ ውድ ነው ምናምን የለም። ብርድ ላይ አቅሙ ስለሚወርድ አሙቃችሁ ተነሱ፣ ለብዙ ቀን ሲቀመጥ ሙሉ አድርጋችሁ አትተዉት፣ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሴል ወደ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ይቀመጥ። በአውሮፕላን ስትጓዙ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው፣ ከ100 ዋት ሰዓት ካለፈ አየር መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፕሮፔለሩን በጣታችሁ ጫፉን ዳብሱት፣ ትንሿን ስንጥቅ ዓይን አያያትም ጣት ግን ያገኛታል።

ነገር ሲበላሽ አትደብቁ። በፓርት 107 ለምሳሌ ሰው ክፉኛ ከተጎዳ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ወይም ከድሮኑ ውጪ ከ500 ዶላር በላይ ንብረት ከተበላሸ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ሌላውም ሀገር የራሱ አለው። ግን ግዴታ ያልሆነውንም፣ ለትንሽ የተረፋችሁበትን፣ ሎግ ቡካችሁ (የበረራ መዝገባችሁ) ላይ ጻፉት፣ ያን የነፋሱን ቀን እኔ እስከዛሬ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፣ አብረውኝ የሚሰሩ ልጆችም መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነው።

ከነዚሁ ልጆች ጋር ስንወጣ አንዱ ሁሌም ሰማዩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ስክሪን አይቶ አያውቅም፣ እና አንድ ስምምነት አለን፦ «አውርድ» ካለ አወርዳለሁ፣ ለምን ብዬ የምጠይቀው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። በቅርቡ አንድ ስራ ልንጨርስ ሁለት የበረራ መስመር ሲቀረን «አውርድ» አለኝ፣ አወረድኩት። የሄሊኮፕተር ድምፅ የሰማ መስሎት ነበር፣ የከባድ መኪና ሞተር ሆኖ ተገኘ። ደንበኛው ጊዜው ስለሄደ ደስ አላለውም፣ ልጁም ፊቱ ቀላ፣ እኔ ግን ደንበኛው እየሰማ «ልክ ነህ፣ ነገም እንደዚሁ በለኝ» አልኩት። ባትሪ ቀይረን እንደገና ተነሳንና የቀሩትን ሁለት መስመሮች ጨረስን።