ጥያቄና መልስ፦ ፒኤችፒን (የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ) በራስ ኮምፒውተር ላይ ዲበግ ማድረግ (የኮድ ስህተት ፈልጎ ማግኘት)

መላሽ፦ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያላችሁ ጠይቁ፣ እስከ መግሪብ አለሁ። አደራ፣ ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሰርቨር ላይ ገብታችሁ አትሞክሩ፣ መጀመሪያ በራሳችሁ ማሽን።

ከኮምቦልቻ፦ ኤክስዲበግ የሚባለውን የፒኤችፒ ዲበገር ጫንኩ፣ ኮዱ እንዲቆምበት የምፈልገው መስመር ላይ ብሬክፖይንት አደረግኩ፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ቀን ሆነኝ።

መላሽ፦ አብሽር ወንድሜ። ኤዲተሩን ተወውና የፒኤችፒን ሴቲንግ የሚያሳየውን ፒኤችፒኢንፎን የሚጠራ የአንድ መስመር ፋይል ጽፈህ በብራውዘር ክፈተው። «ሎድድ ኮንፊግሬሽን ፋይል» የሚለው ጋ ያለውን እይ፣ ስትነካካው የከረምከው ሌላ ፋይል ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የተርሚናሉ ፒኤችፒና የአፓቺው (የዌብ ሰርቨሩ) የተለያየ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ (የሴቲንግ ፋይል) ሊያነቡ ይችላሉ፣ ስለዚህ ኤክስዲበግ ተርሚናል ላይ አለ ማለት ብራውዘር ላይ አለ ማለት አይደለም። እዛ ፋይል ውስጥ ሲጫን ደግሞ በ«ኤክስቴንሽን» ሳይሆን በ«ዜንድ ኤክስቴንሽን» ነው። ፖርቱ ላይ አሮጌ ቪዲዮ ካየህ 9000 ይልሃል፤ 2020 ላይ ከወጣው ኤክስዲበግ 3 ጀምሮ 9003 ነው፣ 9000 ላይ ፒኤችፒን ለዌብ ሰርቨር ከሚያስኬደው ከፒኤችፒ ኤፍፒኤም ጋር ይጋጭ ስለነበር። የኤክስዲበግን ሞድ «ዲበግ»፣ «ስታርት ዊዝ ሪክወስት»ን «የስ» አድርግ። ኤዲተርህም ማዳመጥ መጀመር አለበት፣ ደዋዩ ኤክስዲበግ ነው፣ ኤዲተሩ አንሺ ነው። ከዛ አፓቺን ሪስታርት።

ከሐይቅ፦ ኮዴ አይሰራም ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ኤረሩን ለጥፊው እታለም፣ «አይሰራም» ብቻ ብለሽኝ ምን ልበልሽ?

ከወልዲያ፦ ዛምፕ (አፓቺንና ፒኤችፒን አብሮ የሚጭነው) ላይ አፓቺ አልነሳም አለኝ።

መላሽ፦ ፖርት 80ን ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደሆነ ተርሚናል ላይ በኔትስታት ትእዛዝ እይ።

ከደሴ ፒያሳ፦ ኧረ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ ቫር ደምፕ አድርጎ የቫሪያብሉን ዋጋ ገጹ ላይ ማየት ነው እንጂ፣ ደሞ ኤክስዲበግ ላፕቶፔን ያንቀራፍፈዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ቫር ደምፑን ረስተህ ላይቭ (ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ) ብትለቀውስ? የደንበኛ መረጃ ገጹ ላይ ሲዘረገፍ ወላሂ በአይኔ አይቻለሁ።

ከደሴ ፒያሳ፦ እኔ ሳላጠፋ ለቅቄ አላውቅም።

መላሽ፦ ተዉ እንጂ። ለአንዲት ቫሪያብል ቫር ደምፕ ይበቃል፣ ሉፑ 300ኛው ዙር ላይ ብቻ የሚሳሳት ከሆነ ግን በኮንዲሽን ብሬክፖይንት እዛው ታቆመዋለህ። መንቀራፈፉ እውነት ነው፣ ሳትፈልገው ሞዱን «ኦፍ» በለው።

ከመርሳ፦ ኤክስዲበግ ጭኜ ብሬክፖይንቴ አይቆምም?

መላሽ፦ ከላይ መለስኩ እኮ! ፒኤችፒኢንፎ ምን አለህ? እሱን ሳታይ አትጠይቀኝ።

ከመርሳ፦ አሁን አየሁት፣ የሚያነበው የድሮውን ዛምፕ ፋይል ነው... አስተካከልኩት፣ ቆመልኝ! ግን ስህተቱ ላይቭ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፣ እዛ ብጭነውስ?

መላሽ፦ አይሆንም፣ መጀመሪያ ምን አልኩ? ከዲበገሩ ጋር የተገናኘ ሰው የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ይችላል። ስህተትን ገጹ ላይ የሚያሳየው «ዲስፕሌይ ኤረርስ»ም እዛ ይጥፋ። ኤረር ሎጉን (ስህተቶቹ የሚመዘገቡበትን ፋይል) አውርደህ ያንኑ የፒኤችፒ ቨርዥን ማሽንህ ላይ ጫንና ስህተቱን እዚሁ ድገመው።