የትራክተርህ ፊት ከቀለለ፣ በርሜል ከመሙላትህ በፊት ሚዛን ላይ አውጣው

ወንድሜ፣ ይሄ ጉዳይ እኔንም አንድ ሰሞን አሳብዶኝ ስለነበር ዘለግ አድርጌ ልመልስልህ። ያልከው ባጭሩ ይህ ነው። ትራክተርህ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው፣ ክብደቱ 2,800 ኪሎ። ባለ 4 ዲስክ ማረሻህን ስታነሳ ፊቱ ቀለል ይላል። ዳገት ላይ ደግሞ መሪውን ብትጠመዝዘውም ጎማው አፈሩን እየጫረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በርሜል ኮንክሪት ሞልተህ ከፊት ልታስር ነው፤ ስንት ኪሎ ይበቃል?

መጀመሪያ በርሜሉን እርሳው።

እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነበር። ግማሽ በርሜል ኮንክሪት ሞላሁ፣ መሀሉ ላይ ቀለበት ያለው ብረት ቀበርኩ፣ ከፊት መጎተቻው ላይ በሰንሰለት አንጠለጠልኩት። ቢበዛ 100 ኪሎ ቢሆን ነው አልኩ። በርሜሉ 200 ሊትር ነው፣ ግማሹ 100 ሊትር፣ በቃ 100 ኪሎ። ይሄ የውሃ ሂሳብ ነው። ኮንክሪት አንዱ ሊትር ወደ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ያንጠለጠልኩት 240 ኪሎ ነበር። አንተ እንዳሰብከው ሙሉውን ብትሞላ 480 ኪሎ ሊሆንልህ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ተደሰትኩ። ማረሻውን አነሳለሁ፣ ፊቱ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሰንሰለቱ መወዛወዝ ጀመረ። ጎድጓዳ ውስጥ በገባሁ ቁጥር በርሜሉ ወደ ኋላ እየተወረወረ የራዲያተሩን መከለያ ይደበድበዋል። መከለያው ተሰነጠቀ። ትንሽ ቆይቶ ከግራ የፊት ጎማ ቅርቅር የሚል ድምፅ መጣ። ስንፈታው ኩሽኔታው አልቋል። ግራሶው ጥቁር ጭቃ መስሏል፣ ውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። መካኒኩ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ምንም ሳይናገር ወደ በርሜሉ አየ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ስንት ኪሎ እንደሚበቃ በግምት የሚነግርህ ሰው ካለ አትስማው፣ እኔንም ጨምሮ። የሚታወቀው መነሻ ይህ ነው፤ መሪ እንዲታዘዝህ ማረሻው ተነስቶ ሳለ የፊት አክስሉ (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚይዘው ዘንግ) ላይ የሚያርፈው ክብደት ከባዶው ትራክተር ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ መሆን አለበት። ላንተ 2,800 ሲባዛ በ0.2፣ ማለትም 560 ኪሎ። ከዚያ በታች ከሆነ መሪውን ይዘሃል እንጂ እየነዳህ አይደለም።

ሁለት ነገር መዝን። የጭነት መኪና ሚዛን ካገኘህ ባዶውን ትራክተር መጀመሪያ በፊት ጎማው ብቻ አውጣው፣ ቀጥሎ ሙሉውን። ከዚያ ማረሻውን ለብቻው። የፊቱን ቁጥር ስላልጻፍክ ለምሳሌ 950 ኪሎ ነው እንበል፣ ማረሻው ደግሞ 650። ከዚያ ሜትር ያዝና ሦስት ርቀት ለካ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2.3 ሜትር ነው እንበል። ከኋላ አክስል እስከ ማረሻው የክብደት መሀል 2 ሜትር። ክብደት የምትሰቅልበት ቦታ ደግሞ ከፊት አክስል 0.8 ሜትር ወደፊት።

የቀረው የማንሻ (የሊቨር) ሂሳብ ነው፤ ክብደት ከመደገፊያው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ማረሻው ሲነሳ 650 በ2 ተባዝቶ ለ2.3 ሲካፈል 565 ኪሎ ከፊት ይወስድብሃል። ከ950 ውስጥ 385 ብቻ ይቀርልሃል። የሚያስፈልግህ 560 ስለሆነ 175 ኪሎ ጎደለ። ግን 175 ኪሎ ብረት አያስፈልግህም። ክብደቱ ከአክስሉ ወደፊት ወጥቶ ስለሚሰቀል ጉልበቱ ይጨምራል። 175 በ2.3 ተባዝቶ ለ3.1 ሲካፈል 130 ኪሎ ገደማ ነው። 3.1 ከየት መጣ ካልክ 2.3 እና 0.8 ተደምሮ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝኑ ተንጠልጣይ ብረቶች ካገኘህ አምስቱ 150 ኪሎ ይሆኑልሃል፣ ትንሽ ትርፍ ይዘህ። ትርፍ ያልኩት ሂሳቡ ሜዳ ላይ ለቆመ ትራክተር ስለሆነ ነው። ዳገት ስትወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉብታ ላይ ሲዘልም እንደዚያው።

እና አየህ፣ 130 ኪሎ ለሚፈታው ችግር 480 ኪሎ ልትሰቅል ነበር።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ከፊት አክስል ወደፊት የሰቀልከው ብረት ከኋላ ጎማም ይሰርቃል። ያ 150 ኪሎ ፊት ላይ ሲያርፍ 202 ኪሎ ሆኖ ነው። ትርፉ 52 ኪሎ ከኋላ የተነሳ ነው። ማረሻው ተሰቅሎ ሳለ ምንም ችግር የለውም፣ ኋላው ሞልቶ ተርፎታል። ማረሻውን ፈትተህ ብረቱን ከፊት ትተህ ስትሄድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በኋላ ጎማ የሚነዱ ትራክተሮች ፍሬናቸው አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው። ኋላው በቀለለ ቁጥር ፍሬኑም ይቀንሳል።

ይሄንንም በራሴ ላይ ነው ያየሁት። ማረሻውን አራግፌ ብረቱን ማውረድ ታክቶኝ ቁልቁለት ወረድኩ። ጠጠር ነበር። ፍሬን ስረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ቆሙ፣ ትራክተሩ ግን አልቆመም። ተንሸራትቶ ሄዶ ሄዶ ጥጉ ላይ ያለው የአፈር ክምር ያዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረሻ ሲወርድ ብረትም ይወርዳል።

ስለዚህ የሚፈታ ነገር ስቀል። ለዚህ ተብሎ የተቀረፀው እጀታ ያለው ብረት፣ ሻንጣ የመሰለው፣ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ በአንድ ትሰቅለዋለህ፣ አንድ በአንድ ታወርደዋለህ። መያዣው ከትራክተሩ የፊት አካል ጋር በወፍራም ብሎን የሚታሰር መሆን አለበት፤ መከለያ ላይ ወይም ስስ ላሜራ ላይ አይበየድም። ብረቶቹን ከሰቀልክ በኋላ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈውን ረጅም ብሎን አስገብተህ አጥብቀው፣ አለበለዚያ በየጉብታው እየዘለሉ መያዣውን ይበሉታል። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ ዳዶዎቹን ደግመህ ፈትሽ፣ መላላታቸው አይቀርም። ስትሰቅል ደግሞ ጣትህን በሁለት ብረት መካከል አታስገባ። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ሁለት ወር ሙሉ ጥቁር ሆኖ ከርሟል።

ብረቱን ራሴ ላሠራ ካልክ ይቻላል። ግን መዝነህ ቁጥሩን ላዩ ላይ በቀለም ጻፍበት። እንዳይወዛወዝም አድርገህ እሰረው። እኔን የጎዳኝ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን መወዛወዙ ነው።

ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላትም አለ። ባልቦላውን ወደ ላይ አዙረህ እስከሱ ድረስ ትሞላለህ፣ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ አይሞላም፤ አየር ካልቀረለት ጎማው ድንጋይ ሲመታ አይተጣጠፍም። ለኋላ ጎማ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥም ትራክተሩ ይረጋል። ላንተ ችግር ግን ብዙም አይረዳም። የፊት ጎማህ ትንሽ ነው፣ የሚይዘው ውሃም ትንሽ። ክብደቱም አክስሉ ላይ እንጂ ከአክስሉ ወደፊት ስላልሆነ የማንሻ ጉልበት የለውም። ሲያስፈልግ የሚወርድ ነገርም አይደለም።

አሁን ጥያቄህን ደግሜ ሳነበው አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። መጨረሻ ላይ «ሲያርስም ይንሸራተታል» ብለሃል። የሚንሸራተተው የኋላ ጎማ ከሆነ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ፊት ላይ ብረት መጨመር አያድነውም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። እንዲህ ፈትሸው። የኋላ ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። እያረስክ ጎማው 10 ጊዜ እስኪዞር የሄድክበትን ርቀት በሁለት እንጨት ለይ። ከዚያ ማረሻውን አንስተህ ያንኑ ርቀት ሂድና ዙሩን ቁጠር። 8 ተኩል ከሆነ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው። እርሻ ላይ ከ8 እስከ 15 በመቶ ጤነኛ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ የሚያስፈልገው ኋላ ነው፣ ወይ ጥልቀት ቀንስ። ከ8 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ትራክተሩ ከልክ በላይ ከብዷል ማለት ነው። ነዳጅ ትበላለህ፣ አፈሩን ትጠቀጥቃለህ፣ ማርሹና ዲፈረንሻሉም ዋጋውን ይከፍላሉ።

ከፊት አካፋ ያለው ትራክተር ያላችሁ ደግሞ ይህን ምክር እንዳለ አትውሰዱት። አካፋው ሲሞላ ክብደቱ ፊት ላይ ነው፣ ማመዛዘኛው የሚሰቀለው ከኋላ ነው። አካፋም ብረትም ከፊት መደራረብ የፊት አክስልን መግደል ነው።

ሌላም ልጨምር። ፊቱ የሚነሳብህ ማረሻ ስታነሳ ብቻ ሳይሆን ጉቶ ወይም የተቀረቀረ መኪና ስትጎትት ጭምር ከሆነ፣ ሰንሰለቱን የት እንደምታስረው ተመልከት። ከታችኛው መጎተቻ ሌላ ቦታ አይታሰርም። አክስሉ ላይ ወይም ማረሻ የሚያያዝበት የላይኛው ዘንግ ላይ ካሰርክ ትራክተሩ በራሱ ላይ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው የሚያልቀው፣ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ አትደርስም። ፊት ላይ የሰቀልከው ብረትም አያድንህም።

ከመስቀልህ በፊት የማኑዋሉን ገጽ ክፈት። የፊት አክስሉ የሚሸከመው ትልቁ ጭነት እዚያ ተጽፏል፣ የጎማው ደግሞ ጎኑ ላይ (የአንዱ ጎማ ስለሆነ በ2 አባዛው)። ከሁለቱ ያነሰው ነው ወሰንህ። ክብደት ስትጨምር የፊት ጎማውን ንፋስም በዚያው ልክ አስተካክል፣ የጎማው ጎን ከልክ በላይ ካበጠ ንፋሱ አንሷል።

እስከዚያው ድረስ ማረስ ካለብህ ማረሻውን መሬት እንዳይነካ ያህል ብቻ አንስተህ ቀስ ብለህ ሂድ። በማረሻውና በትራክተሩ መካከል የገባ ማራዘሚያ ወይም ፈጣን ማያያዣ ካለም አውጣው። እያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ መራቅ በምሳሌው ማረሻ ወደ 28 ኪሎ ከፊት ይወስዳል። የግራና የቀኝ ጎማ ፍሬን ለየብቻ ፔዳል ስላላቸው የአንዱን ብቻ እየረገጡ ማዞሩ ማሳ ውስጥ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ግን ሁለቱን ፔዳል አቆላልፋቸው።

መዝነህ ስትጨርስ የፊቱን ክብደትና ሦስቱን ርቀት ጻፍልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እንሠራዋለን።